ጃንጥላው የሚዘረጋበት ሰዓት፤ ስለ አደጋ ጊዜ ፓራሹት አጭር ታሪክ



ትምህርት ቤታችን ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ብዙም የራቀ ስላይደለ፣ ለእኛ ለተማሪዎቹ የአይሮፕላን ድምፅ እንደ ደወል ድምፅ የተለመደ ነው። ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ኮተቤ የሚኖር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሳያይ ሥራውን ይቀጥላል። ነገር ግን የተለመደ ነገር ሁሉ የታወቀ ነገር አይደለምና፣ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፣ ከመካከላችን ብዙዎች የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ ይዘን ተነሣን። ጥያቄውም «አይሮፕላን አደጋ ሲደርስበት ሰዎች በፓራሹት ለምን አይወርዱም?» የሚል ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው አይሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ ወዲህ፣ ይህ ጥያቄ የልጆች ጥያቄ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ፓራሹት እንዴት እንደሚዘረጋና አብራሪው መቼ ሊዘረጋው እንደሚገባ ከታሪኩ መረዳት ያስፈልጋል።

የፓራሹት አጀማመር

ፓራሹት በአማርኛ ጃንጥላ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዝናብ የሚከልለን ጃንጥላ ነፋስ ከሥሩ ሲገባበት ወደ ላይ እንደሚጎትተን ሁሉ፣ ፓራሹትም አየሩን በሰፊ ጨርቅ ይዞ የሚወርደውን ሰው ያዘገየዋል። አንድ ሰው ያለ ፓራሹት ከከፍታ ቢወድቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ፓራሹቱ ሲዘረጋ ግን በሰከንድ ወደ 6 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1783 ሉዊ ሴባስቲያን ለኖርማን የተባለ ፈረንሳዊ በሞንፐልዬ ከተማ ከግንብ ላይ በመውረድ ነገሩ የሚቻል መሆኑን አሳየ። ከ14 ዓመት በኋላ በ1797 አንድሬ ዣክ ጋርነራን በፓሪስ ከተማ በባሉን ወጥቶ፣ 1 ሺህ ሜትር ከሚያህል ከፍታ በጃንጥላው ወረደ። የጋርነራን ጃንጥላ ግን ዐናቱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ስላልነበረው፣ የታፈነው አየር አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ጠርዝ እየሾለከ ሰውየውን እንደ ጽና ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሠሪዎች በዐናቱ ላይ ቀዳዳ ቢተዉለት መወዛወዙ ቀነሰ። ስለዚህ አየርን መያዝ ብቻ ሳይሆን በልክ መልቀቅም እንደሚያስፈልግ ታወቀ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከባሉን ላይ ሆነው ጠላትን ለሚቃኙ ሰዎች ፓራሹት ተሰጥቷቸው ነበር። ለእንግሊዝ አይሮፕላን ነጂዎች ግን አልተሰጣቸውም። ምክንያቱም ፓራሹቱ ከባድና ግዙፍ ነው መባሉ ሲሆን፣ ነጂው ቸኩሎ አይሮፕላኑን ጥሎ ይወርዳል የሚል ሥጋትም ነበረበት። ከዚህ የተነሣ ብዙ ወጣቶች በሚቃጠል አይሮፕላን ውስጥ እንዳሉ ጠፉ። ንብረትን ለማዳን ሲባል ሰው መክሰር ትርፍ እንደሌለው ታሪክ ከመሰከረባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እስከዚያ ዘመን ድረስ አብዛኛው ፓራሹት ከባሉኑ ወይም ከአይሮፕላኑ ጋር በገመድ እየታሰረ፣ ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ የሚመዘው ዓይነት ነበር። አይሮፕላኑ እየተሽከረከረ በሚወድቅበት ጊዜ ግን ገመዱ ይጠላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1919 ሌስሊ ኧርቪን የተባለ አሜሪካዊ ከአይሮፕላን ዘሎ ከራቀ በኋላ በገዛ እጁ መክፈቻውን ስቦ ወረደ። የዛሬው የአብራሪዎች የአደጋ ጊዜ ፓራሹት አሠራር ከዚህ ብዙ አይለይም። እጀታው ሲሳብ የከረጢቱን አፍ የያዙት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ከረጢቱ ሲከፈት አንዲት ትንሽ ጃንጥላ ተስፈንጥራ አየር ትይዛለች፤ እርስዋም ትልቁን ጨርቅና ገመዶቹን ጎትታ ታወጣለች፤ ገመዶቹ ተወጥረው ካለቁ በኋላ ጨርቁ አየር እየሞላ ይነፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ውስጥ ነው። ተራው ከተፋለሰ ግን ገመዱ ከጨርቁ ጋር ይወሳሰባል። ስለዚህ ፓራሹትን አጥፎ በከረጢቱ ውስጥ መክተት በልዩ ትምህርት የሚገኝ ሙያ ሲሆን፣ ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ በተወሰነለት ጊዜ እየተፈታ፣ እየተመረመረና እንደገና እየታጠፈ መቀመጥ አለበት።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1922 ሃሮልድ ሃሪስ የተባለው የአሜሪካ ጦር አብራሪ አይሮፕላኑ በአየር ላይ ስለተበላሸበት ዘለለ። በመውደቅ ላይ ሳለ መክፈቻው መስሎት የእግሩን ማሰሪያ 3 ጊዜ ሳበ። በመጨረሻ ትክክለኛውን እጀታ ቢያገኘው ፓራሹቱ ተዘረጋለት፤ የቀረው ከፍታ ግን 150 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ በፓራሹት ሕይወታቸው የተረፈላቸው አብራሪዎች በትል ስም የተጠራ ማኅበር አቆሙ። ያን ጊዜ ፓራሹት የሚሠራው ከሐር ነበርና፣ ስሙ ነፍሳቸውን ያተረፈችውን የሐር ትል ለማስታወስ ነው። አትላንቲክን ብቻውን የተሻገረው ቻርልስ ሊንድበርግም በሕይወቱ 4 ጊዜ በፓራሹት ድኗል።

ፓራሹት በአገራችን

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ ከጅቡቲ አብርሮ ያመጣው አንድሬ ማዬ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሚሽካ ባቢችፍና አስፋው ዓሊ ከአገራችን አብራሪዎች የመጀመሪያዎቹ ለመሆን በቁ።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ሰው በጃንጥላ ከሰማይ ሲወርድ ለማየትም ብዙ አልቆየም። በ1922 ዓ.ም. ትውልዱ ከትሪኒዳድ የሆነና በኒውዮርክ ሐርለም በፓራሹት ዝላይ ስመ ጥር የሆነ ሁበርት ጁሊያን የተባለ ጥቁር አብራሪ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ከአይሮፕላን ዘሎ በደኅና በመውረዱም ብዙ ምስጋናና ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተደረገው የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ይኸው ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ይወዱት የነበረውን ጂፕሲ ሞዝ የተባለ ትንሽ አይሮፕላን ሲያበር ዛፍ ላይ ወድቆ ሰበረው። ሕይወቱ ቢተርፍም በዚህ ምክንያት ከአገር እንዲወጣ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ጁሊያን በፓራሹት አወራረድ የሠለጠነ ሰው ነበር። ሆኖም አይሮፕላኑ ከዛፍ ጫፍ በማይበልጥ ከፍታ ላይ ሳለ የፓራሹት ዕውቀት ምንም አይረዳም። ጃንጥላው ለመዘረጋት ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚወድቅ ሰው ጊዜን የሚያገኘው ደግሞ ከከፍታ ነው። ለአብራሪ ከፍታ ማለት በኪሱ እንዳለ ገንዘብ ነው፤ ካለቀ በኋላ ምንም መግዛት አይቻልም።

የሚወረወረው ወንበር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያ ዘመን ዋናው ማረፊያ ልደታ ነበር። የጄት አይሮፕላን ግን ረጅም መንደርደሪያ ስለሚሻ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው በቦሌ ሜዳ አዲስ ጣቢያ ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሥራ ሲጀምሩ የቦሌ ስም በዓለም ታወቀ። የአየር ኃይላችንም ከጦርነቱ በኋላ በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን እጅ በቢሾፍቱ ትምህርቱን ጀምሮ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሴበርና ኤፍ 5 የተባሉትን ተዋጊ ጄቶች እስከ መያዝ ደረሰ።

ጄት ሲመጣ የፓራሹት ነገር ተለወጠ። በዝግታ ከሚበር አይሮፕላን ነጂው ተነሥቶ ሊዘል ይችል ነበር። በጄት ፍጥነት ግን ራሱን እንኳ ቢያወጣ የአየሩ ግፊት ከአይሮፕላኑ ጅራት ጋር ያላትመዋል። ስለዚህ አብራሪውን ከነመቀመጫው ወደ ላይ የሚወረውር ወንበር ተፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ሄልሙት ሼንክ የተባለ ጀርመናዊ አይሮፕላኑ በበረዶ ተይዞ አልታዘዝ ስላለው በዚህ ዓይነት ወንበር ወጥቶ ዳነ። ከጦርነቱ በኋላ ማርቲን ቤከር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሥራውን አስፋፋ፤ በወንበሮቹ ሕይወታቸው የተረፈላቸው አብራሪዎችም ከ7 ሺህ በላይ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አብራሪው እጀታውን ሲስብ ከራሱ በላይ ያለው መስተዋት ይለቃል፤ ወዲያውም ከወንበሩ ሥር ያለው ባሩድ ወይም ሮኬት ወደ ላይ ይወረውረዋል። በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ ከክብደቱ ከ12 እጥፍ በላይ ይሸከማል፤ ስለዚህ ጀርባውን ያላቀና ሰው አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። ከዚያ ትንሽ ጃንጥላ ወንበሩን ታረጋጋለች፤ በመጨረሻም ወንበሩ ይለይና ዋናው ፓራሹት ይዘረጋል።

በዚህ ላይ የአገራችንን መልክዓ ምድር የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በጣም ከፍ ባለ ሥፍራ አየሩ ስስና ብርዱ ኃይለኛ ስለሆነ፣ መሣሪያው አብራሪው እስከ 3 ሺህ ሜትር ያህል እስኪወርድ ድረስ ዋናውን ፓራሹት አይዘረጋም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ሰሜን ያለው እንጦጦ 3 ሺህ 2 መቶ ሜትር ያህል፣ በምሥራቅ የምናየው የረርም 3 ሺህ 1 መቶ ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ለዝቅተኛ አገር በተዘጋጀ መለኪያ እንዲህ ባለ ተራራ ላይ የሚወርድ ሰው ጃንጥላው ሳይዘረጋ መሬት ሊደርስ ነው። ስለዚህ በተራራማ አገሮች መሣሪያው ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ እንዲሠራ ያስተካክሉታል። ከባሕር ማዶ የመጣን ጥበብ ከአገር ጠባይ ጋር ማስማማት ግዴታ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የኦጋዴን ጦርነት፣ በኤፍ 5 የጠላት አይሮፕላኖችን በመጣል ስሙ የተጠራው ለገሠ ተፈራ አይሮፕላኑ ከመሬት በተተኮሰ ጥይት ተመትቶ በፓራሹት ወረደ። በሶማሊያም ተማርኮ 11 ዓመት ታስሮ፣ በ1980 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ፓራሹት ሕይወትን ያተርፋል እንጂ መከራን ሁሉ አያስቀርም። ሆኖም እጀታውን በጊዜው ባይስብ ኖሮ ቤተ ሰቡ የሚቀበለው ሰው ባልኖረ ነበር።

መቼ ይሳብ?

ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሰውን ሳይሆን መላውን ትንሽ አይሮፕላን የሚያወርድ ፓራሹት ተሠርቷል። አብራሪው ከራሱ በላይ ያለውን እጀታ ሲስብ ሮኬት ጨርቁን ጎትቶ ያወጣዋል፤ አይሮፕላኑም ከነሰዎቹ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ሲረስ በተባለው አይሮፕላን ላይ ያለው ፓራሹት ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 17 ሜትር ያህል ነው። መሬት ሲነካ የሚሰማው ምት ከ4 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደ መውደቅ ይቆጠራል፤ መቀመጫውና የአይሮፕላኑ እግሮች ምቱን ስለሚቀበሉ ሰዎቹ ይተርፋሉ።

ታዲያ መቼ ይሳብ? «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ አይሮፕላኑ እየታዘዘና ሜዳው ከፊት እየታየ መሳብ አይገባም። ነገር ግን አይሮፕላኑ መታዘዝ ሲያቆም፣ እየተሽከረከረ ሲወድቅ፣ ከሌላ ጋር ሲጋጭ፣ ክንፉ ወይም ጅራቱ ሲሰበር፣ አብራሪው ታሞ ራሱን ሲስት፣ ወይም ሞተሩ ጠፍቶ ከሥር ገደልና ጫካ ብቻ ሲሆን፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ይበልጣል። ያን ጊዜ ዋናው ጠላት ማመንታት ነው። ብዙዎች የሚጠፉት ፓራሹቱ ሳይሠራ ቀርቶ ሳይሆን፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ልሞክር» ሲሉ ከፍታው ስለሚያልቅባቸው ነው። በተጠቀሰው የሲረስ ዓይነት አይሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲበር ፓራሹቱ እስኪዘረጋ 400 ጫማ ያህል ይወርዳል፤ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ግን 920 ጫማ ይፈጃል። ስለዚህ ጥሩ አብራሪ ገና ሳይነሣ «ከዚህ ከፍታ በታች ካልታዘዘልኝ እስባለሁ» ብሎ ወስኖ ይነሣል።

በቦሌ አካባቢ ደግሞ ይህ ሒሳብ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 334 ሜትር፣ ማለት 7 ሺህ 656 ጫማ ነው። የከፍታ መለኪያው የሚቆጥረው ከባሕር ጠለል ጀምሮ ስለሆነ፣ 9 ሺህ ጫማ ሲያሳይ ከእኛ ጣሪያ በላይ ያለው 1 ሺህ 3 መቶ ጫማ ያህል ብቻ ነው። ይህንንም አንድ የሚወድቅ ሰው በ10 ሰከንድ ያህል ይጨርሰዋል። በተጨማሪም በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያው ፓራሹት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ከመቶ 10 እጅ በላይ ፈጥኖ ይወርዳል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰማይ የሚያመነታ ሰው አይወድም።

የመንገደኞች አይሮፕላንስ?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ 8 ሲነሣ እስከ 82 ቶን ሊመዝን የሚችል ዓይነት ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚያህለውን ትንሽ አይሮፕላን ለማውረድ 220 ካሬ ሜትር ያህል ጨርቅ ካስፈለገ፣ ለዚህ ከ11 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ሊያስፈልግ ነው፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ተኩል ያላነሰ ነው። ትንሹ ፓራሹት የሚዘረጋው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ እስከሚሆን ፍጥነት ሲሆን፣ ያ አይሮፕላን በመጨረሻው ጊዜ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበር። ለያንዳንዱ መንገደኛ ፓራሹት ቢሰጠውም፣ ሕፃንና ሽማግሌ ጭምር ታጥቀው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ተራ በተራ እስኪዘሉ 6 ደቂቃ አይበቃም።

ስለዚህ የትልቅ አይሮፕላን ፓራሹት ጨርቅ ሳይሆን የአብራሪው ችሎታና በምድር ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 767 በጠላፊዎች እጅ ወድቆ ነዳጁ ባለቀ ጊዜ፣ ካፕቴን ልዑል አባተ ሞተር የሌለውን አይሮፕላን እያንሸራተተ በኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 125 ቢሞቱም 50 ነፍሶች ተርፈዋል። የቀረችውን ከፍታ ሳያባክን በመጠቀሙ ለእነዚያ 50 ሰዎች ጃንጥላቸው እርሱ ሆነ።

የ2011ዱ አደጋ ግን ሌላ ትምህርት አለው። አንድ የተበላሸ መለኪያ በሰጠው የሐሰት ምልክት ምክንያት፣ በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለ መሣሪያ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው፤ አብራሪዎቹም እስከ መጨረሻው ታገሉት። ከ5 ወር በፊት በጥቅምት ወር በዚያው ዓይነት አይሮፕላን፣ በዚያው መሣሪያ ምክንያት በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር። ነገር ግን ያ ዓይነት አይሮፕላን በዓለም ሁሉ ከበረራ የታገደው ከሁለተኛው እልቂት በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። እጀታው በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ አይሮፕላኑን በሠሩትና እንዲበር በፈቀዱት ሰዎች ቢሮ ነበር። እነርሱም «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ» ብለው ሲያመነቱ ከፍታው አለቀ። ዋጋውን የከፈሉት ግን እነርሱ አይደሉም።

ማጠቃለያ

ከለኖርማን ግንብ እስከ ቦሌ ሜዳ ያለውን ታሪክ ስንመለከት፣ ፓራሹት ብቻውን ማንንም አድኖ አያውቅም። በደኅና ያጠፈው እጅ፣ በጊዜው የመረመረው ዓይንና ሳያመነታ የሳበው ልብ ሲተባበሩ ነው ሰው የሚድነው። ከእኛ መካከል ነገ አብራሪ፣ መካኒክ፣ መሐንዲስ ወይም ፈቃድ ሰጪ ሹም የሚሆን አይጠፋም። ያ ወንድማችን ወይም ያች እኅታችን የማስጠንቀቂያ ምልክት ባዩ ጊዜ «ነገ ይታያል» ሳይሉ፣ ከፍታው ሳያልቅ እጀታውን እንዲስቡ አደራ እንላለን። ለሞቱት ዕረፍትን፣ ለቤተ ሰቦቻቸው መጽናናትን፣ ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜን እንመኛለን።